ትዕግሥት የሌላት ትዕግሥት

ዶክተር ትዕግሥት ዓርብ ዕለት ከባሕር ዳር ሄደች። አዲስ አበባ፣ የሕፃናት ካንሰር ሕክምና ልትማር። ሆስፒታሉ ሽኝት አደረገላት፤ ኬክ ተቆረሰ፣ ጋቢ አለበሷት፣ እኔም የድሮ ታካሚ ነኝና ከእናቴ ጋር ተጠርቼ ነበር። እስከዚያ ድረስ ሰላም ነው። ከዚያ ከሆስፒታሉ ኃላፊዎች አንዱ፣ ከረባቱ ሊያንቀው የደረሰ ሰውዬ፣ ድምፅ ማጉያውን ያዘና «ዶክተር ትዕግሥት እንደ ስሟ ናት» ብሎ ጀመረ። «ትዕግሥተኛ፣ ዝምተኛ፣ ቁጣ የማታውቅ፣ ከማንም ጋር ክፉ ያልተነጋገረች...»

ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ ለስላሳው በአፍንጫዬ ሊወጣ ምንም አልቀረው።

«እማዬ፣ ሰውዬው ስለማን ነው የሚያወራው?»

«ዝም በይ» አለችኝ እናቴ፣ በጠረጴዛው ሥር ጭኔን ቆንጥጣ። «ሽኝትና ለቅሶ ላይ እውነት አይወራም።»

ይኸው ነው ያንገበገበኝ። ቤት ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ መጻፍ ጀመርሁ። እኔ የማውቃት ዶክተር ትዕግሥት ቁጣ የማታውቅ ሴት አይደለችም። ከእሷ ጋር አብሮ የሠራውን ሰው ሁሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ተቆጥታዋለች፤ ያ ከረባታም ሰውዬ ራሱ ሳይቀር። ቁጣዋን ቀምታችሁ ከሸኛችኋትማ የሸኛችሁት ጋቢውን ነው እንጂ እሷን አይደለም።

መልኳን ልንገራችሁ። አጭር ናት፤ ስትራመድ ግን ኮሪደሩ ይጠባል። ቁጣዋ የሚጀምረው ከእጇ ነው፤ የነጭ ጋውኗን እጅጌ እስከ ክርኗ ትሰበስበዋለች፣ ማሳ እንደደረሰ አጫጅ። እጅጌው ሲወጣ ያየ ነርስ ሁሉ ሥራ ያገኛል። ድምፅዋ አይጮህም መጀመሪያ። ቀስ ብላ «ማን ደስ እንዲለው ነው?» ትላለች። ይቺ ጥያቄ የእሷ ናት። የተቀባባ ነገር በሰማች ቁጥር ትጠይቃታለች። «ለቤተሰቡ ደህና ነው ብያቸዋለሁ» የሚል ሐኪም፣ «ማን ደስ እንዲለው ነው?» ይባላል። ያንን መመለስ ከባድ ነው፤ እስኪ ሞክሩት።

የተወለደችው አንበሳሜ አጠገብ ነው፤ አባቷ የቅኔ መምህር ናቸው። «በአባቴ ጉባኤ ቤት አንዲት ቃል ከቦታዋ ከወጣች ተማሪው ጦሙን ይውል ነበር፤ እዚህ ግን ቃል የሚያበላሸው ሐኪሙ፣ ጦሙን የሚውለው ታማሚው» ትል ነበር። ሐኪም ሆና ጥቂት ዓመት ከሠራች በኋላ ነው የሕፃናት ሕክምና ልትማር ባሕር ዳር የመጣችው። ዕቅዷ ከዚያ በኋላ የልብ ሐኪም መሆን ነበር። ልብ ንጹሕ ነው ትል ነበር፤ ወይ ይመታል፣ ወይ አይመታም። ካንሰር በሐሳቧም አልነበረ።

እኔ አንገቴ ያበጠው የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። መጀመሪያ «ጥርስሽ ነው» ተባልሁ። ከዚያ «እንቅርት ነው»። ከዚያ አክስቴ «ዓይን ነው፤ ይቺ ልጅ ትምህርት ትችላለች» አለች። (ይኸኛው እንኳ ደስ ብሎኝ ነበር።) ሆስፒታል ስገባ ደግሞ ሁሉም ማንሾካሾክ ጀመረ። በር ላይ ስለ እኔ ይወራል፤ እኔ ስቀርብ ስለ ዝናብ ይወራል። አባቴ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን የሚጠግን ሰው ነው፤ ብልሽት አይደብቅም። እሱ እንኳ ዓይኔን ማየት ተወ።

ዶክተር ትዕግሥት ውጤቱን ይዛ የመጣች ቀን እናቴ ክንዷን ይዛ ወደ ኮሪደር ጎተተቻት። በሩ አይገጥምም ነበርና ሁሉንም ሰማሁ።

«ዶክተር፣ በማርያም፣ ለልጅቱ እንዳትነግሪያት። ትደነግጣለች።»

«አሁን አልደነገጠችም?»

«አታውቅማ!»

«እትዬ፣ መርዶ እንኳ የሚነገረው ለባለቤቱ ነው። ለጎረቤት ተነግሮ ባለቤቱ የሚቀርበት አገር አለ?»

«መርዶ ትይኛለሽ? አፍሽን ቁርጥ ያድርገው!»

ዶክተር ገባች። እጅጌዋ ክርኗ ላይ ነው። አልጋዬ ላይ ቁጭ አለች፤ ሐኪም አልጋ ላይ ሲቀመጥ ያን ቀን ነው ያየሁ።

«የንፍፊት ካንሰር ነው ያለብሽ። ከካንሰርም የሚድን አለ፤ ያንቺው ከሚድኑት ወገን ነው። መድኃኒቱ ግን ክፉ ነው። ጸጉርሽን ያረግፈዋል፣ ያስታውክሻል፣ እኔን ያሰድብሻል። እስኪ ስሙን በይው።»

«ካንሰር» አልሁ በሹክሹክታ።

«አልሰማሁም።»

«ካንሰር!»

በጎን አልጋ ያሉ እናት «በስመ አብ» ብለው አማተቡ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ «አረመኔ!» ብላ ጮኸችባት።

«እሺ፣ እኔን ይስደቡኝ» አለች ዶክተር፣ ፊቷን ሳታዞር። «እሷን ግን ከእንግዲህ አይዋሿት።»

ምን እንደተሰማኝ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ደስታ ነው። ስም የሌለውን ነገር መስደብ አይቻልማ! ስሙን ካወቅሁ በኋላ ግን ያንን ካንሰር የማውቀውን ስድብ ሁሉ አወረድሁበት፤ ስድቤ ሲያልቅ ከአባቴ ተበደርሁ። እሱም ያን ጊዜ ነው ዓይኔን ማየት የጀመረው።

አሁን ወደ ረቡዕ ልውሰዳችሁ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በሕፃናቱ ክፍል ጥግ፣ የማይሠራ ቴሌቪዥን በተሰቀለበት ክፍል፣ ዶክተር ትዕግሥት «የቃል ሰዓት» የሚባል ነገር ፈጥራ ነበር። ኬሞ የሚባለውን ያንን ክፉ መድኃኒት የሚወስዱ ልጆች ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ። ሕጉ አንድ ነው። እኛ አገር «እንዴት ነህ?» ሲባል መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው፤ እጁ ተቆርጦ የያዘውም ሰው «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው የሚል። ሐኪሙም «ደህና ነው» ብሎ ጽፎ ያልፋል። የዶክተር ሕግ እንዲህ ነበር፤ «ማመስገን መልካም ነው፤ አባቴም ይቆጡኛል ብከለክላችሁ። ከ‹ይመስገን› በኋላ ግን ‹ግን› አለ። ‹ግን› ያላለ ልጅ ከዚህ አይወጣም።»

ምን ቀውጢ ሆነ መሰላችሁ! «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ግን አፌ እንደ ሚጥሚጣ ይነድዳል።» «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ግን እናቴ ሽንት ቤት ገብታ ነው የምታለቅስ፤ የማላውቅ መስሏት።» አንድ ከመርዓዊ የመጣ ልጅ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ግን ጫማዬ ከእግሬ ላይ ይኑር አይኑር አላውቅም» አለ። እኛ ሳቅን። ዶክተር አልሳቀችም። ተነሥታ ጫማውን አወለቀችና እግሩን በእስክሪብቶ ጫፍ ነካካችው፤ አይሰማውም። መድኃኒቱ ነርቩን እየጎዳው ነበር። ከዚያ በፊት በየቀኑ «እንዴት ነህ?» ተብሎ ነበር። በየቀኑም እግዚአብሔርን አመስግኗል።

ያን ዕለት ካርዱን አንሥታ የሕክምና ተማሪዎቹን ሰበሰበቻቸው። «ይህ ልጅ በአማርኛ ታምሞ በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። ‹ጫማዬ ይኑር አይኑር አላውቅም› የሚለውን እዚህ ውስጥ አሳዩኝ! የታለ?» ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቹ ረቡዕ ረቡዕ ጋውናቸውን አውልቀው እንዲቀመጡ አደረገች፤ መናገር ክልክል፣ የልጁን ቃል እንደ ወረደ መጻፍ ብቻ። ሌሎቹ ሐኪሞች «የተረት ሐኪም» የሚል ስም አወጡላት።

«ትዕግሥት፣ ልብ ልታጠኚ አልነበር?» አላት አንድ ቀን አንዱ ሽማግሌ ሐኪም፣ እኛው ፊት። «ተረት ምን ያደርግልሻል?»

«የሚያመው ልጁን ነው» አለችው። «እሱ ሲናገረው ተረት የሚሆነው፣ እርስዎ ሲናገሩት ሳይንስ የሚሆነው ለምንድን ነው?»

ሽማግሌው ሳል ያዘው።

እኔንም የጸሐፊነት ነገር ያስጀመረችኝ እዚያ ነው። ትንንሾቹ የሚሉትን እኔ እጽፋለሁ፤ እሷ ታያለች። አሳምሬ ከጻፍሁት «ማን ደስ እንዲለው ነው?» ብላ ትመልስልኛለች። አንድ ጊዜ «ፀሐይ እንደ ወርቅ ስታበራ» ብዬ ጀምሬ ነበር። «ፀሐይዋ ኬሞ ትወስዳለች?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ፀሐይ አልጽፍም።

እኔ መድኃኒቱን ጨርሼ፣ ረቡዕ ረቡዕ ለመጻፍ ብቻ ስመጣ፣ ጸጉሬ መብቀል በጀመረ ጊዜ ነው ብርቄ የመጣችው። የሰባት ዓመት ልጅ ናት፣ ከቁንዝላ፤ ከኩላሊቷ የበቀለ ዕጢ ሆዷን ነፍቶት ነበር። አባቷ አያ ሞላ በጣና ሐይቅ ዳር የሚያርሱ ሰው ናቸው፤ እናቷ ጨቅላ ይዛ ቤት ቀርታለች። ብርቄ አትናገርም። ረቡዕ ትመጣለች፣ ትቀመጣለች፣ ትሄዳለች። ለእሷ ሲሆን ዶክተር ሕጉን አላላች፤ «‹ግን› ባይኖርሽም ነይ» ትላት ነበር።

አንድ ረቡዕ ዶክተር «ሆዳችሁ ውስጥ ያለው ነገር ምን ይመስላል?» ብላ ጠየቀች። አንዱ ጅብ አለ፣ አንዱ ድንጋይ። ብርቄ ድንገት «እምቦጭ ነው» አለች።

ጣና ዳር ያላደገ ሰው ካለ ልንገረው፤ እምቦጭ ሐይቁን የወረረው አረም ነው። አረንጓዴ ነው፣ አበባው ያምራል፣ ዓሣ ያፍናል፣ ጀልባ ያስራል።

«አባዬ ይነቅለዋል» አለች ብርቄ፣ ዓይኗን ምንጣፉ ላይ ተክላ። «ይነቅለዋል፣ ይነቅለዋል፣ ደግሞ ይመጣል። ሞኝ ነው።»

«ማ? አባትሽ?»

«እምቦጩ!»

ሳቅን። ብርቄም ሳቀች። ዶክተር ከሁላችን በላይ ሳቀች፤ በቃ፣ ሳቀችና አለፈች።

ብርቄ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ዕጢው ከነኩላሊቷ ወጣ። ከዚያ በኋላ በተነሣችው አልትራሳውንድ ላይ ምንም አልታየም። እኔ ለቁጥጥር ቀጠሮ መጥቼ ኮሪደሩ ላይ ነበርሁ። ዶክተር ትዕግሥት ከክፍሉ እየሮጠች ወጣች፣ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም፤ አያ ሞላን በሁለት እጇ ጨብጣ፣

«ጠፍቷል! አያ ሞላ፣ ጠፍቷል!» አለቻቸው።

አያ ሞላ ወለሉን ሳሙ። ወለሉን! የሆስፒታል ወለል!

በሳምንቱ የሚቀጥለውን ኬሞ የምትጀምርበት ቀን ሲደርስ ብርቄ የለችም። አልጋዋ ላይ ሌላ ልጅ ተኝቷል። ዶክተር እጅጌዋን ሰበሰበች። ያን ቀን ያልተቆጣችው ሰው የለም። «እንዴት ተኝተው የነበሩ ሰዎች ሲወጡ ማንም አላየም? ሰውዬውስ ምን ዓይነት አባት ነው? ከልጁ ሽንብራው በለጠበት?»

ሲስተር አበበች የምትባል ነባር ነርስ አለች፤ ዶክተርን የማትፈራ እሷ ብቻ ናት። መርፌ እያዘጋጀች ቀና ሳትል፣ «ጠፍቷል ብለሽው የለም እንዴ?» አለቻት።

«ብዬዋለሁ።»

«ታዲያ ለጠፋ ነገር ማን መርፌ ይወጋል?»

የዶክተር እጅጌ ቀስ እያለ ወረደ። እኔ ዝም ማለት አልችልምና «መብራትም ይጠፋል፣ ግን ይመጣል» አልሁ። ዞራ ያየችኝን አስተያየት አልረሳውም። ቁጣዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አድራሻ አጣ፤ ከዚያ አገኘው፤ ራሷን።

«እምቦጭ ብላኝ ነበር» አለች። «ልጅቱ ትክክለኛውን ቃል ሰጥታኝ ነበር። ሳቅሁባት።»

እሑድ ቁንዝላ ሄድን። እኔን የፈለገችኝ ለጸጉሬ ነው፤ መድኃኒቱን ጨርሳ ጸጉሯ የበቀለ ልጅ አያ ሞላ እንዲያዩ። ሹሩባ ተሠራሁ፤ አባቴም «ብቻሽን አትሄጅም» ብሎ አብሮን መጣ። ወደ ጎርጎራ የምትሻገረው ጀልባ ቁንዝላ ታወርዳለች። ካንሰር ያልፈራች ሴትዮ ጣናን ፈራች፤ ከደሴቶቹ አልፈን ውኃው ሲሰፋ የአባቴን ኮት ጨምድዳ ይዛ ስታስታውክ ደረሰች። አባቴም ከዚያ ቀን ጀምሮ ይወዳታል።

አያ ሞላን ሐይቁ ሸሽቶ በተወው መሬት ላይ አገኘናቸው። ከዳር የተከመረ እምቦጭ እየደረቀ ይሸታል።

«ምን እግር ጣለዎ፣ ዶክተር?»

«ብርቄን ልወስዳት ነው የመጣሁ።»

«ጠፍቷል ብለውኝ የለም?»

«ብዬዎታለሁ።»

«እኔ ታዲያ ቃልዎን አምኜ ነው ስለቴን ያገባሁ። ቃልዎን አምኜ ነው ጎረቤት የጠራሁ። አሁን አልጠፋም ሊሉኝ ነው? የቱ ነው ውሸቱ? የያኔው ነው፣ የአሁኑ?» ድምፃቸው እየጨመረ ሄደ። «ለእኛ ለገበሬዎቹ ያገኛችሁትን ወርውራችሁልን ታልፋላችሁ!»

እጅጌዋ ወጣ። አሁን ትጮህባቸዋለች አልሁ። አልጮኸችም።

«ይቆጡ፤ ይገባዎታል። ቃሉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ይህን እምቦጭ ነቅላችሁ ስትጨርሱ ሐይቁ ላይ ምን ይታያል?»

«ውኃ ነዋ።»

«ታዲያ ጠፋ?»

አያ ሞላ ወደ ሐይቁ ዞሩ። «ዘሩ ከጭቃው ውስጥ ነው» አሉ።

«የቀረው መድኃኒት ለዘሩ ነው። እኔ ‹ተነቅሏል› ማለት ነበረብኝ። ‹ጠፍቷል› አልሁ።»

አያ ሞላ ወደ እኔ መጡ። «ይቺ ናት መድኃኒቱን የጨረሰች? ጸጉሩ የራስሽ ነው?»

«ይጎትቱት!» አልሁ።

ጎተቱት። እውነቴን ነው! ዓይኔ እንባ ሞላ፤ አባቴ ሳቁን መቋጠር አቅቶት ወደ ሐይቁ ዞረ። ያን ጊዜ ብርቄ ከቤት ወጥታ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። «እኔን ማንም አልጠየቀኝም» አለች። ዶክተር ሄዳ ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አለችና ጠየቀቻት። ብርቄ ትንሽ አሰበችና «እመጣለሁ፤ ግን ያስታውከኛል» አለች። «እኔንም» አለቻት ዶክተር፣ «በጀልባ።»

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ደረስሁ።

ብርቄና አባቷ መጡ። ዶክተር መድኃኒቱን አዘዘች። የፋርማሲው መስኮት «አልቋል» አለ። መቼ ይመጣል? «በሂደት ላይ ነው።» ግዢ ክፍል ሄደች፤ «በሂደት ላይ ነው።» ያንን ከረባታም ሰውዬ ቢሮው ገብታ ጠየቀችው፤ «በሂደት ላይ ነው፣ ዶክተር፣ ትዕግሥት ይኑርሽ።» ይህን ሲላት በሩ ላይ ነበርሁ። በስሟ መቀለዱ ይሁን አይሁን አላውቅም።

«ሂደት ምንድን ነው?» አለችው። «አሳየኝ። የት ነው የሚሄደው? እግር አለው? ሰውዬውን ከማሳው አንሥቼ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ገብቼ ‹ልጅዎ በሂደት ላይ ናት› ልበለው? ማን ደስ እንዲለው ነው?» ድምፅዋ ፎቁን ሁሉ አዳረሰ። ቁጣ የማታውቅ፣ አይደል? ጋቢውን ያለበሳት ሰውዬ፣ ይኸው ያን ቀን ወንበሩን ወደ ግድግዳ አስጠግቶ ነበር።

ከዚያ ወርዳ አያ ሞላ አጠገብ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። «የለም» አለቻቸው። «መድኃኒቱ የለም። ያመጣሁዎ እኔ ነኝ፤ የለም። እየፈለግሁ ነው።» ብዙ ሐኪም እዚህ ላይ «ይመጣል» ይላል። እሷ ግን «ይመጣል» አላለችም፤ እንደሚመጣ አታውቅማ። አያ ሞላ ራሳቸውን ነቀነቁና «እንጠብቃለን» አሉ።

ረቡዕ ደረሰ። ብርቄ ሳትጠየቅ ተናገረች፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ግን ኑ አላችሁን፣ መጣን፣ አልሰጣችሁኝም።» ጻፍሁት። ዶክተር አነበበችውና አንዲት ፊደል አልነካችም። በማግሥቱ ሐኪሞቹ ወደሚሰበሰቡበት የጠዋት ስብሰባ ይዛኝ ገባች፤ «አንብቢው» አለችኝ። ነጭ በነጭ የሆነ ክፍል ነው። አነበብሁት። ሦስት ቃል እንደ ማንበብ ነው፤ አለቀ። ሽማግሌው ሐኪም «ይህ የሕክምና ስብሰባ ነው እንጂ የሥነ ጽሑፍ ምሽት አይደለም» አለ።

«በእንግሊዝኛ ጽፌ አቅርቤ ነበር» አለች ዶክተር ትዕግሥት። «አልገባችሁም። ለዚህ ነው በአማርኛ ያመጣሁላችሁ።»

ማንም አላጨበጨበም። ጥቂቶቹ ግን ስልካቸውን አወጡ። አንዱ አዲስ አበባ አብሮት የተማረ ሰው ጋ ደወለ፤ ሌላዋ ሌላ ጋ። ከብዙ ቀን በኋላ መድኃኒቱ በሲስተር አበበች ወንድም ሻንጣ፣ በልብስ ተጠቅልሎ ገባ። አስቡት፤ አንድ ሙሉ ሆስፒታል ያላመጣውን መድኃኒት ሸሚዝ አመጣው።

ግን ዘሩ ቀድሞ ተነሥቶ ነበር። ሳንባዋ ውስጥ።

መድኃኒቱን ጀመረች፤ ይዞላት የነበረም መስሎ ነበር፤ አልያዘላትም። ዶክተር ለአያ ሞላ ነገረቻቸው። ለብርቄም ብርቄ ራሷ ስለጠየቀቻት ነገረቻት። ምን እንደተባባሉ ጠይቄያት ነበር። «ያ የብርቄ ነው» ብላ ዘጋችኝ። አባቷ ወደ ቤት ሲወስዷት የሕመም ማስታገሻውን አዘጋጅታ፣ አሰጣጡን አሳይታ፣ እስከ ጀልባው ሸኘቻት። ከዚያ ወዲያ አላየኋትም።

የታካሚ ለቅሶ ላይ ሐኪም አይሄድም ይባላል። ብዙ ስለሚሞትባቸው ይሁን፣ ስለሚያፍሩ ይሁን፣ እንጃ። ዶክተር ግን ለብርቄ ለቅሶ ሄደች። እኔና እናቴም ሄድን፤ ያቺ «አረመኔ» ያለቻት እናቴ በጀልባው ላይ ግንባሯን ይዛላት ነበር፣ ስታስታውክ።

ድንኳኑ ውስጥ ገብተን ተቀመጥን። አያ ሞላ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከዳር ነበሩ። የመንደሩ ሰው እየገባ «እግዚአብሔር ያጥናህ፤ የእሱ ፈቃድ ነው» ይላል፣ ይወጣል። ዶክተር ይህን አላለችም። በኋላ አያ ሞላ ቀና አሉና ሰው ሁሉ እየሰማ ጠየቋት።

«ዶክተር፣ መድኃኒቱ ያን ጊዜ፣ ኑ ያሉን ጊዜ ኖሮ ቢሆን፣ ትድን ነበር?»

አንድ ቄስ ፈጥነው «የፈጣሪ ነገር ነው፣ አያ ሞላ፣ ተወው» አሉ። እናቴ እጄን ጨበጠችው። ሁላችንም አንድ ነገር እንድትል እየለመንናት ነበር፤ «የእሱ ፈቃድ ነው» እንድትልልን። ሦስት ቃል ናት፤ ብትላት ማንም አይወቅሳትም ነበር።

«በእርግጥ አላውቅም» አለች። «ዕድሏ ግን የበለጠ ነበር። ብዙ የበለጠ ነበር። አስቀድሜም ‹ጠፍቷል› ባልልዎ፣ ከዚያም የበለጠ ነበር።»

አንዲት ሴት «ኧረ በስመ አብ!» አለች። አያ ሞላ ተነሡ። ፊታቸው ጠቆረ፤ ዱላቸውን ያዙ፤ አንዱ ጎረቤት ሊይዛቸው እጁን ዘረጋ። ይመቷታል አልሁ። እሷ አልተነቃነቀችም፤ እጆቿ ጭኗ ላይ ናቸው፣ እጅጌዋ እንደወረደ ነው።

«ይህን በደንብ የሚያውቅ ሐኪም የለም ወይ?» አሉ፣ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ። «ይህን ብቻ የተማረ?»

«አዲስ አበባ አለ። ጥቂት ናቸው። እዚህ የለም።»

«የሚያስተምሩት አለ?»

«አለ።»

«እና አንቺ እዚህ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠሽ ምን ትሠሪያለሽ?» ብለው ጮኹባት። አዎ፣ «አንቺ» ነው ያሏት፤ ሲሞት እንኳ ለሐኪም «እርስዎ» የሚል ሰው። «ሂጅ ተማሪው እንጂ! ሂጅ!»

ሰው ሁሉ ደነገጠ። ቄሱ ይቅርታ ሊጠይቁላቸው አፋቸውን ከፈቱ።

ዶክተር ትዕግሥት ግን ተነሣች፣ ጫማዋን ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ፈልጋ አጠለቀች፣ ዞር ብላም፣

«እሺ፣ አባቴ» አለች።